ከገብስማ ዶሮ ጥቁር ጫጩት እንዴት ይወጣል?

ባለፈው መንፈቅ በግቢያችን የዶሮ ቤት የተነሣውን ክርክር ያልሰማ ሠልጣኝም ሆነ አሠልጣኝ መምህር ያለ አይመስለንም። የዶሮ ርባታ ክበባችን ከገብስማዎቹ ዶሮዎች ዕንቁላል 14 መርጦ መታቀፍ ለያዘች አንዲት የአበሻ ዶሮ ሰጣት። በ21ኛው ቀን 11 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ሁሉም ጥቁር! እናታቸውን የመሰለ አንድ እንኳ አልተገኘም። «ዕንቁላሉ ተለውጧል» የሚለው ወሬ ከምግብ ቤት ተነሥቶ ማታውኑ መኝታ ቤት ደረሰ፤ ጣትም የተቀሰረው በዶሮዎቹ ጠባቂ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩን፤ ዕንቁላሉ የኛው ነው?» ብሎ አንዱ ሠልጣኝ ቢጠይቃቸው፣ «እኔ ምን ቆርጦኝ ነው ልጄ የጎረቤት ዕንቁላል የማመጣው! ራሳችሁ ቆጥራችሁ አይደል እንዴ የሰጣችሁኝ?» ብለው መለሱ። መልሳቸው በቂ ነበር፤ ግን የሰማቸው ጥቂት ነው። በክበቡ ስብሰባም «እነዚህ ከእናታቸው ያልወጡ ስለሆኑ ትንሽ ከፍ ሲሉ ለፋሲካ ገበያ ይሸጡ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ተነሣለት። እኛ የዚህ ዓምድ አዘጋጆች የሁለት ወር ጊዜ ለመንን። ምክንያቱም ጫጩቶቹን በእጃችን እያነሣን ስናይ አንድ ነገር አስተውለን ነበር፤ ይኸውም ከ11ዱ ውስጥ የ6ቱ አናት ላይ ወደ ነጭ የሚያደላ ትንሽ ነጥብ አለ፤ የ5ቱ አናት ግን ድፍን ጥቁር ነው። ባለ ነጥቦቹን እግራቸው ላይ ቀይ ክር አሰርንላቸው። (እግራቸው ሲወፍር ክሩ እንዳይቆርጣቸው በየሳምንቱ እየፈቱ ማላላት ያስፈልጋል፤ ይህን ዘንግተን አንዱን ጫጩት አሳክሰነው ነበር።)

ከባለ ነጥቦቹ አንዱን ጭልፊት ወሰደብን። የቀሩት 5ቱ ላባ ሲያወጡ ልክ እንደ እናታቸው ገብስማ ሆኑ፤ ቆየት ብለውም መጮህ ጀመሩ። ድፍን ጥቁሮቹ 5ቱ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰው ለገበያ ያሰባቸው፣ አንድ ሳይቀር ቄብ ሆኑ። እንግዲህ ስብሰባው እንደ ወሰነው ቢደረግ ኖሮ ለወደፊት ዕንቁላል የሚጥሉልንን በሙሉ ሸጠን አውራዎቹን እየቀለብን ልንቀመጥ ነበር ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? ለማስረዳት ከዶሮዎቹ ማንነት እንጀምር። ገብስማ ስንል በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱ ላባ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር እያፈራረቀ አግድም የተሰመረበትን ዶሮ ማለታችን ነው። የኛዎቹ ኮኮክ የሚባሉት ናቸው። ኮኮክ በደቡብ አፍሪካ በፖችፍስትሩም የግብርና ኮሌጅ ከጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ገብስማ ከሆነው ከፕላይማውዝ ሮክ ተዳቅሎ የወጣ ዝርያ ነው። ወደ አገራችንም የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አስመጥቶ ለገበሬዎች ስላሠራጨው ዛሬ በብዙ ቦታ ይታያል። በዶሮ ቤታችን የነበረው አውራ ግን ኮኮክ አልነበረም፤ ከገበያ የተገዛ ቀይ የአበሻ አውራ ነው። ክርክሩ ሲጦፍ ስለ እናቶቹ እንጂ ስለዚህ አውራ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የዶሮ ሕዋስ 39 ጥንድ፣ በድምሩ 78 ክሮሞዞም አለው። ከነዚህ ጥንዶች አንዱ ጾታን የሚወስን ነው። አውራው በዚህ ጥንድ ሁለት የሚመሳሰሉ ክሮሞዞሞች አሉት፤ ዜድ ይባላሉ። ሴቷ ግን አንድ ዜድና ደብሊው የሚባል አንድ ሌላ አነስተኛ ክሮሞዞም አላት። አውራው ለልጆቹ ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ ዜድ ይሰጣል፤ ሌላ የሚሰጠው የለውምና። እናቲቱ ግን ወይ ዜድ ትሰጣለች ወይ ደብሊው። ዜድ ከሰጠች ጫጩቱ ወንድ ይሆናል፤ ደብሊው ከሰጠች ሴት።

ከዚህ የሚከተለውን ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ሴት ጫጩት ያላት ብቸኛ ዜድ የመጣላት ከአባቷ ነው። በእናቷ ዜድ ላይ የተጻፈ ማናቸውም ነገር ለሷ አይደርስም፤ የሚደርሰው ለወንድሞቿ ነው። ገብስማነትን የሚያመጣው ዘረ መል ደግሞ የሚገኘው በዜድ ላይ ነው። ደብሊው ላይ የለም። ይህ ዘረ መል ገዥ ነው፤ ማለትም አንድ ብቻ እንኳ ቢገኝ ላባው ይሰመራል። እንግዲህ የገብስማዋ እናት ወንዶች ልጆች ገብስማ፣ ሴቶች ልጆቿ ደግሞ እንደ አባታቸው ያለ መስመር የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በክፍል ውስጥ ይህን በቃል ብቻ ስናስረዳ ተማሪው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማና ሲጠየቅ ይጠፋበታል። ስለዚህ የሚከተለውን ሞክረን ጥሩ ሆኖ አግኝተነዋል። ሁለት ከረጢት፣ ጥቂት ቀይ ቦሎቄ፣ ጥቂት ዥንጉርጉር ቦሎቄና ጠጠር ያስፈልጋል። ቀዩ ቦሎቄ መስመር የሌለበት ዜድ ነው፤ ዥንጉርጉሩ ገብስማነት ያለበት ዜድ ነው፤ ጠጠሩ ደብሊው ነው። በአባት ከረጢት ሁለት ቀይ ቦሎቄ ይግባ። በእናት ከረጢት አንድ ዥንጉርጉር ቦሎቄና አንድ ጠጠር። ተማሪው ሳያይ ከየከረጢቱ አንዳንድ ያወጣል፤ ያወጣው ጥንድ አንድ ጫጩት ነው። ጽፎ ይመልሰውና እንደገና ያወጣል። ከአባት ሁልጊዜ ቀይ ነው የሚወጣው። ከእናት ዥንጉርጉር ከወጣ ገብስማ ወንድ፤ ጠጠር ከወጣ መስመር የሌላት ሴት። ሃያ ጊዜ ቢያወጣ ገብስማ ሴት ወይም ድፍን ወንድ ሊያገኝ አይችልም። ምክንያቱን ማንም ሳይነግረው ከእጁ ያገኘዋል።

ታዲያ አንዳንድ ንቁ ተማሪ «አባትየው ቀይ ከሆነ ሴቶቹ ለምን ቀይ አልሆኑም? ለምን ጥቁር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ኮኮክ ከመስመሩ ሥር ጥቁር ዶሮ ነው። የጥቁርነቱ ዘረ መል በዜድ ላይ ሳይሆን በሌላ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ እናቲቱ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ትሰጠዋለች፤ እሱም ገዥ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ መሠረታቸው ጥቁር ሆነ፤ ወንዶቹ በዚያ ላይ ተሰመሩ፤ ሴቶቹ ሳይሰመሩ ቀሩ። ቄቦቹን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አንገታቸው ላይ ቀላ ያለ ላባ ያገኛል፤ ይህም ከአባታቸው የመጣ ነው። አናት ላይ ያለው ነጥብም ያው የገብስማነቱ ሥራ ነው። ዘረ መሉ ለላባ ጥቁር ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ቶሎ ሥራቸውን እንዲያቆሙ ያደርጋል፤ ላባ ደግሞ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ ስለሚያድግ ቀለም ሰጪዎቹ ሲያቆሙ ነጭ፣ አዲሶች ሲተኩ ጥቁር፣ እንደገና ነጭ እያለ መስመሩ ይወጣል።

ይህ የሚታወቅ ነገር ከሆነ ቆይቷል። ሜንዴል በአተር ላይ ያደረገውን ምርምር እ.ኤ.አ. በ1866 ካሳተመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ማንም ልብ አላለውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቴሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሕጉ በእንስሳትም እንደሚሠራ ያሳየው በዶሮ ነው፤ የመረመረውም አውራ ዶሮ በአናቱ ላይ የሚሸከመውን ቀይ ሥጋ ቅርጽ፣ እኛ ነጠላና ድርብ የምንለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ አሜሪካዊው ስፒልማን የገብስማነት ውርስ ከጾታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ጻፈ። በየፈተናው የምንሥለው ባለ አራት ክፍል ሠንጠረዥ በስሙ የሚጠራው ፐኔትም፣ በካምብሪጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1929 ጫጩቱ በተፈለፈለ ዕለት ጾታው በቀለሙ የሚለይ ካምባር የሚባል ዝርያ በዚሁ ዘረ መል አማካይነት አውጥቷል። ጾታን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ለአርቢ ትልቅ ነገር ነው፤ መኖ ውድ ነውና።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። ገብስማ አውራ ከቀይ የአበሻ ሴት ዶሮ ጋር ቢጣመርስ? በገጠር በብዛት የሚደረገው ይህ ነው፤ ገበሬው አንድ የተሻሻለ አውራ ወስዶ የራሱን ዶሮዎች ያስጠቃል። በከረጢቱ እንሞክረው። የአባት ከረጢት ሁለት ዥንጉርጉር ቦሎቄ፤ የእናት አንድ ቀይ ቦሎቄና አንድ ጠጠር። ከአባት ምንጊዜም ዥንጉርጉር ስለሚወጣ ልጆቹ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ገብስማ ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ መስመር መኖር አለመኖሩ ጾታን አይለይም። የትኛው ወገን እናት፣ የትኛው ወገን አባት እንደሆነ ሳያጣሩ «ጥቁሯ ሴት ናት» የሚል ደንብ ይዞ ገበያ መውጣት ኪሳራ ነው። በአተር እንዲህ ያለ ልዩነት የለም፤ ሜንዴል የቱን አተር እናት የቱን አባት ቢያደርግ ውጤቱ አንድ ነበር። ከጾታ ጋር የተያያዘ ባሕርይ ዋና መታወቂያውም ይኸው ነው፤ አባትና እናትን ብታቀያይሩ ውጤቱ ይቀየራል።

ለማነጻጸር አንገተ መላጣውን ዶሮ ተመልከቱ። አንገተ መላጣነትም ገዥ ነው፤ ነገር ግን ዘረ መሉ ያለው ከዜድ ውጭ ነው። ስለዚህ አባት መላጣ ቢሆን እናት መላጣ ብትሆን ለወንዶችም ለሴቶችም እኩል ይደርሳል። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ከአንገቱ ፊት ለፊት ትንሽ የላባ ቁጢት ይቀርለታል፤ ከሁለቱም የወረሰው አንገቱ ጨርሶ የተራቆተ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ግቢ ሁለቱን ባሕርያት ጎን ለጎን ማስቆጠር የቻለ መምህር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ሌላም የሚደባለቅ ነገር አለ። ከጾታ ጋር የተያያዘ ሲባል አንዳንድ ሠልጣኞች የአውራውን ረጅም ጭራ፣ ጩኸቱንና ትልቁን የአናት ሥጋ በምሳሌነት ይጽፋሉ። አይደለም። እነዚህን የሚያወጣቸው በአመዛኙ የጾታ ሆርሞን ነው። በተገላቢጦሹም አውራው ዕንቁላል አይጥልም እንጂ የዕንቁላል ጣይነትን ዘረ መል ከእናቱ ወርሶ ለሴት ልጆቹ ያስተላልፋል። ጥሩ ጣይ የሚፈልግ አርቢ አውራውን ሲገዛ በቁመናው ብቻ ሳይሆን እናቱ ምን ያህል ትጥል እንደነበር ቢጠይቅ ያተርፋል። እኛ ያን ቀይ አውራ ስንገዛ እናቱ ማን እንደሆነች አልጠየቅንም። መልኩ ደስ ስላለን ነው የገዛነው።

የሰው ነገርስ? ይህ ጥያቄ በክፍል ሲነሣ ሳቅ ይበዛል፤ እኛ ግን በቁም ነገር እንየው እንላለን። በሰው ልጅ ዘንድ አሠራሩ የዶሮው ግልባጭ ነው። ሁለት የሚመሳሰሉ ክሮሞዞሞች፣ ኤክስ የሚባሉት፣ ያሏት ሴቷ ናት፤ ኤክስና ዋይ ያለው ወንዱ ነው። ስለዚህ እናት ሁልጊዜ ኤክስ ትሰጣለች፤ ልጁ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው አባት በሰጠው ነው። በየቀበሌው «ወንድ አልወለደችልኝም» ተብላ የተነቀፈች፣ ጣውንት የመጣባት፣ ከቤቷ የተባረረች ሴት ታሪክ የማያውቅ ማን አለ? የተወቀሰችበት ነገር ከሷ እጅ የሌለ ነበር። አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥምና ወቀሳውን ወደሱ ማዞር ሳይሆን ወቀሳውን መተው ነው ያለብን። ወደየወረዳው ስንመደብ ይህን ትምህርት የምናስተምራቸው ልጆች ማታ ቤታቸው ሄደው ያወሩታል። የዶሮውን ብቻ አስተምረን የሰውን ሳንነግራቸው ብንቀር ደግሞ «ወሳኟ እናት ናት» ብለው ተሳስተው ይሄዳሉ፤ ያ ከዝምታ የባሰ ነው።

ወደ ዶሮ ቤታችን እንመለስና፣ የአናቱ ምልክት የማይሠራባቸው ጊዜያት አሉ። አንደኛ፣ አባትየው ነጭ ከሆነ። አንዳንድ ነጭ ዶሮ፣ ለምሳሌ ነጭ ሌግሆርን፣ ጥቁሩን ቀለም ጨርሶ የሚሸፍን ገዥ ዘረ መል አለው፤ ከሥሩ ገብስማነት ተደብቆ ሊኖርም ይችላል። እንዲህ ካለ አውራ የሚወለዱት ወንዱም ሴቷም ነጭ ስለሚሆኑ የሚለይ ነገር አይገኝም። ሁለተኛ፣ ጫጩቶቹ ጥቁር ሳይሆኑ ቡናማ ለስላሳ ጠጉር ይዘው ከወጡ ነጥቡ አይታይም፤ ቢታይም ያሳስታል። ሦስተኛ፣ በገበያችን ገብስማ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ግራጫውም፣ ጠቃጠቆውም፣ ድብልቁም ገብስማ ይባላል። ላባውን ነቅሎ በብርሃን ማየት ነው፤ መስመሩ አግድም፣ ጥርት ያለና እየተደጋገመ ከላባው ጫፍ እስከ ሥሩ የሚወርድ መሆን አለበት። አራተኛ፣ አውራ ከለወጣችሁ ዕንቁላል ለማሳቀፍ አትቸኩሉ። የፊተኛው አውራ ዘር በሴቷ ዶሮ ማሕፀን እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በፊት በተጣለ ዕንቁላል ላይ የተደረገ ሙከራ አባቱ የማይታወቅ ሙከራ ነው።

ንጹሕ ኮኮክ ከንጹሕ ኮኮክ ሲወለድስ የሚል ጥያቄ በሣጥናችን ገብቷል። ሁሉም ገብስማ ናቸው፤ ነገር ግን ወንዱ ዘረ መሉን በሁለት እጥፍ፣ ሴቷ በአንድ ብቻ ስለያዘች ልዩነቱ ለዓይን ይታያል። ወንዱ ነጣ ያለ ነው፤ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ጫጩቶቹም ላይ የወንዱ የአናት ነጥብ ሰፋ ይላል፤ የሴቷ ጠበብ ያለ ነው። ይህን ለመለየት ግን ዓይን መልመድ አለበት፤ እኛ በመጀመሪያው ቀን ሞክረን ብዙ ተሳስተናል።

በፋብሪካ ተፈልፍለው የሚሸጡት ቡናማ ጣዮች፣ ቦቫንስ ብራውንን የመሰሉት፣ የሚለዩትም በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ዘረ መሉ ግን ሌላ ነው። በዜድ ላይ ብርማና ወርቅማ የሚባሉ ሁለት አማራጮች አሉ፤ ብርማው ገዥ ነው። እናቲቱ ብርማ፣ አባትየው ወርቅማ ሲሆን ሴቶቹ ጫጩቶች ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያሉ ቢጫ ሆነው ይወጣሉ። ጫጩት ሻጩ በአንድ እይታ የሚለየው በዚህ ነው። ታዲያ አንዳንድ ሰው እነዚህን ዶሮዎች ገዝቶ ራሱ ያራባና በሁለተኛው ትውልድ ቡናማ ጫጩት ባየ ቁጥር «ሴት ናት» ብሎ ለጎረቤት ይሸጣል። ከወራት በኋላ ግማሾቹ ይጮኻሉ፤ ጎረቤትም ይጣላል። ሻጩ ሌባ አይደለም፤ ምልክቱ ለአንድ ትውልድ ብቻ እንደሚሠራ የነገረው ስለሌለ ነው።

ለምን አንድ ትውልድ ብቻ? የኛዎቹን ገብስማ ወንድ ልጆች ከጥቁር እኅቶቻቸው ጋር እናጣምር። አሁን የአባት ከረጢት አንድ ዥንጉርጉርና አንድ ቀይ ቦሎቄ አለው፤ የእናት አንድ ቀይ ቦሎቄና አንድ ጠጠር። አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ ወንዶቹ ግማሹ ገብስማ ግማሹ ድፍን፣ ሴቶቹም ግማሹ ገብስማ ግማሹ ድፍን ይሆናሉ። ቀለሙ ስለ ጾታ የሚናገረው ነገር አለቀ። በተገለበጠው መንገድ የተወለዱትን፣ ማለትም የገብስማ አውራና የቀይ ሴት ልጆችን፣ እርስ በርስ ብናጣምር ደግሞ ሌላ ይመጣል። የአባት ከረጢት አንድ ዥንጉርጉር አንድ ቀይ፤ የእናት አንድ ዥንጉርጉር አንድ ጠጠር። ከአራት ሦስት እጅ ገብስማ፣ አንድ እጅ ድፍን፤ ሜንዴል በአተሩ ያገኘው ያ ሦስት ለአንድ! ግን ድፍኖቹን አንድ በአንድ ብታዩ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ለምን እንደሆነ ከከረጢቱ ፈልጉት፤ ለአሠልጣኝ መምህራንም ጥሩ የፈተና ጥያቄ ይወጣዋል።

ቁጥሩ ሁልጊዜ እኩል ለሁለት ይከፈላል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ከ11 ጫጩት 6 እና 5 ማግኘታችን ዕድል ነው፤ 8 እና 3 ቢሆንም ሕጉ አልተሻረም። ስለዚህ ከአንዲት ዶሮ እቅፍ ብቻ ተነሥቶ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ የብዙ እቅፍ መዝገብ ያስፈልጋል።

በስብሰባው ላይ ጠባቂዋን የጠረጠሩት ሁለት ሠልጣኞች ባለፈው ሳምንት ዶሮ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። እሳቸውም «ኧረ እኔስ ረስቼዋለሁ፤ ይልቅ ለቄቦቹ ማደሪያ ቆጥ ሥሩላቸው» ብለዋቸው ቆጡን ሠርተዋል። ሁለተኛው ትውልድም ታቅፏል፤ 12 ዕንቁላል፣ አባታቸው አንዱ ገብስማ ወንድ ልጅ፣ እናቶቻቸው ጥቁሮቹ ቄቦች። የዶሮ ቤቱ በር ላይ አራት ዓምድ ያለው ወረቀት ለጥፈናል፤ ገብስማ ወንድ፣ ገብስማ ሴት፣ ድፍን ወንድ፣ ድፍን ሴት ይላል። መጀመሪያ የቀለሙ፣ ከወራት በኋላ የጾታው ይሞላበታል። ከመካከላቸው ቀይ ወይም ቡናማ ጫጩት ቢወጣ የሚገርም አይደለም፤ የአያትየው ቀይነት ተደብቆ አብሮ መጥቷልና። እሱን በኅዳጉ ላይ ጻፉልን፤ ክር የምታስሩ ሰዎችም በየሳምንቱ ማላላቱን እንዳትረሱ።